ስለ ሴል ክፍፍል የወጣው ጽሑፍ ይታረምልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ እንደ ባዮሎጂ መምህርት፣ አንዴ እንደ ታማሚ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሴል ስስል ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ደግሞ የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ ኬሞ ወስጃለሁ። የመጨረሻውን ዙር ከጨረስኩ አምስት ወር ሆኖኛል።

ተማሪዎቼ ዓምዳችሁን ይወዱታል። እየቆረጡ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። የባለፈው ሳምንቱም ተለጥፏል። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ያስቸገሩኝ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አንዱ «ሰውነታችን በየሰባት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ሴል ይተካል» ይላል። ሌላው «ካንሰር ማለት ከጤናማው ሴል በፍጥነት የሚከፋፈል ሴል ነው» ይላል። ሁለቱም ከአፍ ወደ አፍ ሲዞሩ የኖሩ አባባሎች ናቸው። ሁለተኛውን እኔም ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። ስለዚህ ጸሐፊውን ልወቅስ አልተነሳሁም።

በሰባት ዓመቱ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ቀጠሮ ሰውነታችን ውስጥ የለም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሰዓት አለው። የአንጀታችን የውስጥ ሽፋን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይቀየራል። የላይኛው ቆዳችን አንድ ወር ገደማ ይወስድበታል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ያረጀውን ለመተካት መቅኔያችን በየሰከንዱ ሁለት ሚሊዮን ገደማ አዲስ ቀይ ሴል ያወጣል። ልብ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። የልብ ጡንቻ ሴል በወጣትነት ጊዜ እንኳ በዓመት የሚተካው ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ነው። አብዛኛው የአእምሯችን ነርቭ ሴል አብሮን ተወልዶ አብሮን ያረጃል። ይህን ደብዳቤ የምታነቡበት የዓይናችሁ ሌንስ እንኳ መሃሉ የተሠራው ገና ሳትወለዱ ነው። እስከ ዛሬ አልተቀየረም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ።

የመጀመሪያው ዙር መድኃኒት ከተሰጠኝ በኋላ ሳምንት እንዳለፈ አፌ ውስጡ ቆሰለ። ውኃ መጎንጨት እንኳ አቃተኝ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ቀና ስል ፀጉሬ ትራሱ ላይ ቀረ። ለሦስተኛው ዙር ስሄድ ደግሞ ነርሷ የደም ውጤቴን አየችና «ዛሬ አይሰጥዎትም፤ ነጭ የደም ሴልዎ ወርዷል። ከሳምንት በኋላ ይምጡ» አለችኝ። ሐኪሜን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈሉትን ነው የሚመታው» አለኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ።

ያን ቀን ግን ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። የአፌ ሽፋን ጤነኛ ነው። የፀጉሬ ሥር ጤነኛ ነው። መቅኔዬም እንደዚያው። ጤነኛ ሆነው ነው የተመቱት። ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈሉት እነሱ ስለሆኑ ነው። ታዲያ ፍጥነት በሽታ ከሆነ አንጀቴ ከተወለድኩ ጀምሮ ታሞ ነበር ማለት ነው?

ቤት ገብቼ መጽሐፎቼን አወጣሁ። የአንጀት ሽፋን ሥር ያሉት ሴሎች በቀን አንዴ ገደማ ይከፋፈላሉ። የጡት ዕጢ ግን በመጠን እጥፍ ለመሆን ብዙውን ጊዜ ወራት ይፈጅበታል። ከአንድ ሴል ተነስቶ አንድ ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ሠላሳ ጊዜ ያህል እጥፍ መሆን አለበት። ሐኪሜም ቀደም ብሎ ይህንኑ ነግሮኝ ነበር። በእጄ ከመዳሰሴ ከብዙ ዓመት በፊት እዚያው ተቀምጦ ነበር። እኔ ሳስተምር፣ ልጄን ሳሳድግ፣ ቀስ እያለ።

ልዩነቱ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። አንጀት ውስጥ አንድ ሲወለድ አንድ ያረጀ ይራገፋል። መግቢያና መውጫው እኩል ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ዙሪያው ያሉት ሴሎች መከፋፈል ይጀምራሉ፤ ቁስሉ ሲገጥም ይቆማሉ። ጎረቤት ሲነካቸው፣ ቦታው ሲሞላ፣ ያቆማሉ። ዕጢ ውስጥ ያለው ሴል ይህ ትእዛዝ አይደርሰውም፤ ቢደርሰውም አይሰማም። ማቆም ሲገባው ይቀጥላል። መሞት ሲገባው አይሞትም።

ለዚህ የማውቀው ትልቁ ማስረጃ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሄንሪታ ላክስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ ውስጥ የማኅፀን በር ካንሰር ታማ ሳለ ከዕጢዋ ሴል ተወሰደ። ማንም አላስፈቀዳትም። በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች። ሴሎቿ ግን ዛሬም በዓለም ላቦራቶሪዎች ውስጥ እየተከፋፈሉ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች ጤናማ የሰው ሴል ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድገው ውጤቱን አሳተሙ። ጤናማው ሴል ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ይከፋፈልና ያቆማል። ምግቡ ሳያልቅ፣ ቦታው ሳይጠበው ያቆማል። በየክፍፍሉ የዘር መረጃ የሚይዙት ክሮሞሶሞች ጫፍ እያጠረ ስለሚሄድ እንደሆነ በኋላ ታወቀ። ተማሪዎቼን የሄንሪታን ሴሎች «ሄላ ሴል» ብቻ ብላችሁ አትለፉ እላቸዋለሁ። የሰው ስም ነው፤ ሙሉውን ጥሩት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ የምወደውን ልንገራችሁ። በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ቅር አይበላችሁ።

ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የሽንኩርት ሥር ጫፍ እናያለን። ጫፉን እንቆርጣለን፣ በአሲድ እናለሰልሰዋለን፣ ቀለም እናጠጣዋለን። ከዚያ በሁለት ስስ መስታወት መሃል አድርገን በአውራ ጣት ጫን እንላለን። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አብዛኞቹ ሴሎች ክብ ኒውክለሳቸውን ይዘው ጸጥ ብለዋል። እዚህም እዚያም ግን ሥራ ላይ ያለ ይገኛል። አሥራ ስድስቱ ክሮሞሶሞች አጥረውና ወፍረው፣ እንደ ቁርጥራጭ ክር ሆነው ይታያሉ። አንዱ ሴል ጋ መሃል ላይ ተሰልፈዋል። ሌላው ጋ ለሁለት ተከፍለው ወደ ሁለቱ ጫፍ እየሄዱ ነው።

አልፎ አልፎ ደግሞ ሌሎቹ ሁሉ መሃል ተሰልፈው አንዱ ክሮሞሶም ብቻ ዳር ላይ ቀርቶ ይታያል። ልጆቹ «ቲቸር፣ ይሄኛው ተበላሽቷል?» ይሉኛል። ለብዙ ዓመት ምን እል እንደነበር አስታውሳለሁ። «እለፉት፤ የተስተካከለ ፈልጉ» እል ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል የሚመስል እንዲያገኙ ነበር የምፈልገው።

ለካስ ማየት የነበረባቸው እሱን ነበር። ያ ሴል አልተበላሸም። እየጠበቀ ነው። ከሁለቱ ጫፍ የሚዘረጉት ቀጫጭን ክሮች እያንዳንዱን ክሮሞሶም ከሁለት ወገን መያዝ አለባቸው። አንዱ እንኳ በትክክል ካልተያዘ ሴሉ አይከፈልም። ሌሎቹ ሁሉ ተሰልፈው፣ ተወጥረው፣ ዝግጁ ሆነው ለዚያ ለአንዱ ይቆማሉ። ኮንሊ ሪደር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን በሚገርም ሙከራ አሳዩ። በሕይወት ያለ ሴል ውስጥ ዳር የቀረውን ክሮሞሶም ፈለጉ። ክሩ የሚይዝበትን ነጥብ በጨረር መቱት። ሴሉ ወዲያው ባይሆንም ጥቂት ቆይቶ መከፈል ጀመረ። እስከዚያ ድረስ «ቆዩ፣ እኔ ገና ነኝ» እያለ ሲጮህ የነበረው ያ ነጥብ ነበር ማለት ነው። ጩኸቱ ሲጠፋ ሴሉ ሁሉም የደረሰ መሰለው።

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። የኬሞው ድካም ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይደለም። አንድ የቀረ እንዳለ የሚያውቅና የሚጠብቅ ነገር በእያንዳንዱ ሴሌ ውስጥ እንዳለ ስላወቅኩ ነው።

ክሮሞሶሞቹን፣ እነዚያን ክር መሳይ ነገሮች፣ በሚገባ አይቶ የሳላቸው ዋልተር ፍሌሚንግ የተባለ ጀርመናዊ ነው። የሳላማንደር እጭ ሴሎችን ቀለም እያጠጣ ደረጃ በደረጃ ይስላቸው ነበር። ለዚህ የሴል ክፍፍል ማይቶሲስ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1882 ያወጣውም እሱ ነው፤ በግሪክኛ «ክር» ከሚለው ቃል። በእጁ ይዞት የነበረው የሞተ፣ ቀለም የገባበት ሴል ብቻ አልነበረም። እጩ ሳይሞት የሚከፈለውን ሴልም ተመልክቷል። የሥዕሎቹን ቅጂ ክፍሌ ውስጥ ሰቅያቸዋለሁ።

ክሮሞሶሞቹን የሚይዙት ቀጫጭን ክሮች ታዲያ ወደ እኔው መጡ። ከአራት ዙር ቀይ ቀለም ያለው የኬሞ መድኃኒት በኋላ ፓክሊታክሴል የሚባል ተጀመረልኝ። ከአንድ ዛፍ ቅርፊት የተገኘ ነው፤ ዛፉ ፓሲፊክ ዩ ይባላል። ቅርፊቱ መጀመሪያ ለምርመራ የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እንዴት እንደሚሠራ ያሳየችው ግን ሱዛን ሆርዊትዝ የተባለች ተመራማሪ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1979። መድኃኒቱ ክሮቹን አይበጥሳቸውም። ያደርቃቸዋል። ማጠር ሲገባቸው አያጥሩም፤ መፈታት ሲገባቸው አይፈቱም። ክሮሞሶሞቹ በትክክል አይያዙም። ሴሉ ይጠብቃል። አንዳንዱ ሲጠብቅ ይሞታል። አንዳንዱ ሦስት አራት ቦታ ተበጣጥሶ ይከፈልና ልጆቹ ይሞታሉ።

ወንበሩ ላይ ክንዴን ዘርግቼ ጠብታውን እያየሁ ሦስት ሰዓት ተቀምጫለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት በነጭ ጠመኔ የሳልኳቸው ክሮች ናቸው እዚያ ውስጥ ደርቀው የሚቆሙት። ሌላ ጊዜ መጽሐፍ ይዤ እሄድ ነበር። በእነዚያ ቀናት ግን ምንም አላነበብኩም። ጠብታውን ብቻ አይ ነበር።

በሕመሜ ጊዜ ከመርፌው የበለጠ ያቆሰለኝ ጥያቄ ነበር። «ምን አድርገሽ ነው የያዘሽ?» ብዙ ሰው ጠየቀኝ። አንዳንዱ አዝኖ፣ አንዳንዱ ለራሱ ፈርቶ። «በፍጥነት የሚከፋፈል ሴል» የሚለው አባባል ይህን ጥያቄ ያበረታል። አንድ ነገር ከውጭ ገብቶ ሴሉን ያጣደፈው ያስመስላል።

እስቲ ሥራውን አስቡት። አንድ ሴል ከመከፈሉ በፊት የዘር መረጃው የተጻፈበትን ዲኤንኤ ሙሉ በሙሉ ይገለብጣል። በሰው ሴል ውስጥ ስድስት ቢሊዮን ገደማ ፊደል ነው። ተዘርግቶ ቢለካ ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል። የሚገለብጠው ኤንዛይም ስህተቱን እየተመለሰ ያርማል። ከኋላው ደግሞ ሌሎች አራሚዎች ይመጣሉ። ይህ ሁሉ ታርሞ የሚያልፈው ስህተት ከቢሊዮን ፊደል አንድ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ከዚህ የተሻለ ገልባጭ አላውቅም። ግን ዜሮ አይደለም። በዕድሜ ልክ ስንት ጊዜ እንደሚገለበጥ ስናስብ አንዳንዱ ስህተት «አቁም» የሚለውን ጂን ማግኘቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜ አንድ ስህተት አይበቃም፤ ብዙ መደራረብ አለበት። ለዚህም ነው ካንሰር ከዕድሜ ጋር የሚበዛው።

ትምባሆ ስህተቱን ያበዛዋል። የፀሐይ ጨረር ቆዳ ላይ ያበዛዋል። ከወላጅ የሚወረስ ደካማ ጂንም አለ። ይህን ማስተማር አላቆምም። እኔ ግን አላጨስኩም፤ ተመርምሬም የተወረሰ ነገር አልተገኘብኝም። ስፍር ቁጥር የሌለው ፊደል በትክክል የጻፈ እጅ ጥቂት ቦታ ላይ ሳተ። ማንም ምንም አላጠፋም። እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉልን ስንቱ ታማሚ ይቀለው ነበር።

ደግሞ ያዳነኝም ያው ክፍፍል ነው። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን አወጣ፤ ቁስሉን የገጠሙት ግን ሴሎቼ ናቸው። አፌ በአሥር ቀን ዳነ። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ነርሷ ውጤቱን አይታ ፈገግ አለች፤ ነጭ ሴሎቼ ተመልሰው ነበር። መቅኔዬ ውስጥ የተረፉት ተከፋፍለው ነው የተመለሱት። ፀጉሬ አሁን ሁለት ጣት ያህል ሆኗል። ከበፊቱ ይልቅ ይጠቀለላል፤ ልጄ ወዳዋለች።

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስለ እሷም አንድ ነገር ልበል። እሷን የሆነችው እንቁላል ክፍፍሏን የጀመረችው እኔ ገና እናቴ ማኅፀን ውስጥ ሳለሁ ነው። ሚዮሲስ የሚባለው ነው፤ አርባ ስድስቱን ክሮሞሶም ወደ ሃያ ሦስት የሚያወርደው። ጀመረችና መሃል ላይ ቆመች። እኔ ተወለድኩ፣ ዳዴ አልኩ፣ ተማርኩ፣ መምህርት ሆንኩ። እሷ ቆማ ትጠብቃለች። ሃያ ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ ካቆመችበት ቀጠለች። መጠበቁ ዋጋ አለው። ክሮሞሶሞቹን ጥንድ አድርጎ የያዘው ማጣበቂያ ከዕድሜ ጋር ይላላል። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመወለድ ዕድል ከእናት ዕድሜ ጋር የሚጨምረው በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው። ቢሆንም ከስንት ዓመት ቆይታ በኋላ አብዛኛው በትክክል መከፈሉ እኔን ያስደንቀኛል። ልጄ ይህን ስነግራት «እኔ አያቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ ማለት ነው?» አለችኝ። ግማሽሽ፣ አልኳት።

ከዚያች አንዲት ሴል ተነስተን ነው ሠላሳ ትሪሊዮን ከዚያም በላይ የምንሆነው። በወረቀት ላይ ብንሠራው አርባ አምስት ጊዜ እጥፍ መሆን ይበቃል። ስንከፋፈል ብቻ ብንኖር ግን ቅርጽ የሌለው ጓል እንሆን ነበር። ጣቶቻችን የተለያዩት በመሃላቸው የነበሩት ሴሎች በጊዜያቸው ስለሞቱ ነው። ልብ ልብ የሆነው ሴሎቹ መምታት ስለጀመሩ፣ በኋላም መከፋፈሉን በአብዛኛው ስለተዉ ነው።

አዘጋጅ ሆይ፣ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም ማረሚያ ይውጣልኝ። ስለ ሰባት ዓመቱ «እያንዳንዱ የአካል ክፍል በራሱ ጊዜ ይታደሳል፤ ጭራሽ የማይታደስም አለ» ብትሉ ይበቃል። ስለ ካንሰሩ ደግሞ «መቆም ሲገባው የማይቆም፣ መሞት ሲገባው የማይሞት ሴል» በሉ። ረጅም ነው ካላችሁ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ውሰዱ።

ከነገ ወዲያ ወደ ክፍል እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ትምህርት የሽንኩርት ሥር ነው። ግድግዳው ላይ ከጽሑፋችሁ ጎን ለማረሚያው የሚሆን ቦታ እንዲተው ልጆቹን ነግሬያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ የባዮሎጂ መምህርት